የእኩል እርሻ ውል ከፍርድ ቤት ደጅ እንዲድን

በመኸር ማግሥት፣ በጥርና በየካቲት ወር፣ በገበያ ቀን ወደ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ጎራ ያለ ሰው ግቢው በገበሬዎች ተሞልቶ ያያል። ከፊሉ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከፊሉ በዱላው ተደግፎ ቆሞ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ተራውን ይጠብቃል። ቀረብ ብሎ ላዳመጠ ሰው የሚሰማው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ለእኩል ነበር የሰጠሁት» ይላል አንዱ። «በእጄ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል» ይላል ሌላው። ሁለቱም እማኝ አለኝ ይላሉ፤ ወረቀት ግን ከሁለቱም እጅ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የተከታተለው አንድ ጉዳይ የነገሩን ምንነት ስለሚያሳይ አስቀድሞ ቢነገር መልካም ነው። ባለጉዳይዋ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. በተካሔደው የመሬት ድልድል ለባላቸው የደረሰ ሦስት ጥማድ መሬት ነበራቸው። ባል ሲሞት በሬዎቹ ለሕመሙና ለተዝካሩ ወጪ ተሸጡ። ልጁ ገና እረኛ ነው። ስለዚህ እናቲቱ መሬቱን በሬ ላለው ጎረቤታቸው «ልጄ እርፍ እስኪጨብጥ ድረስ እያረስህ እኩል አካፍለኝ» ብለው ሰጡ። ውሉ የተደረገው ቡና ላይ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ነው። ጎረቤትየውም ለበርካታ ዓመታት ከአውድማ እህሉን በቁና እየሰፈረ ድርሻቸውን ሳያጓድል ሲሰጥ ኖረ።

ነገሩ የተበላሸው የመሬት ምዝገባ በቀበሌው በደረሰ ጊዜ ነው። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ እናቲቱ ታመው ሌላ ቀበሌ ካለች ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ማሳው ላይ ቆሞ የተገኘው አራሹ ነበር፤ የተመዘገበውም የእርሱ ስም ሆነ። እናቲቱ ይህን ሳያውቁ ዓመታት አለፉ። ልጁ አድጎ «መሬታችንን ልረስ» ባለ ጊዜ ጎረቤትየው ደብተሩን አውጥቶ አሳየ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ዓይኑም ትዝታውም ደክሟል።

ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ እናቲቱን የረዳቸው የድልድሉ መዝገብና ባላቸው በሕይወት ሳሉ ግብር የከፈሉባቸው ደረሰኞች ናቸው። ፍርድ ቤቱ መሬቱ የእርሳቸው ነው ብሎ ወሰነ። ነገር ግን ሦስቱ ጥማድ በእግድ ምክንያት ሁለት ክረምት ጦሙን አድሯል። አራሹም በበኩሉ የሚናገረው ነበረው። እርከን የሠራሁት እኔ፣ ድንጋዩን የለቀምሁት እኔ፣ ግብሩንም በኋላ የከፈልሁት እኔ ነኝ ይላል፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። ዛሬ ሁለቱ ቤተ ሰቦች በአንድ ማኅበር አይጠጡም፤ በኀዘንም አይደራረሱም። እናቲቱ መሬታቸውን አገኙ፤ ጎረቤታቸውን ግን አጡ።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳሰብ የተፈለገው እንዲህ ያለው ክርክር በአብዛኛው ከሰው ክፋት ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን ነው። የሚመነጨው ውሉ በቃል ከመቅረቱና ሊከተላቸው የሚገባው ሕግ ከገበሬው ጎጆ ርቆ ከመቆየቱ ነው። ይህ ደግሞ ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው።

የመሬት ባለቤትና የአራሽ ክርክር በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት፣ በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል፣ ጭሰኛው ለባለመሬቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ይከፍል እንደነበር ይታወቃል። አሥራቱም በተግባር በጭሰኛው ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራዩን ጣሪያ ከምርቱ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 75 በመቶ ላይ አስቀምጦት ነበር። ይህን የሚያህል ጣሪያ ለጭሰኛው ጣሪያ ሊባል እንደማይችል ግልጽ ነው። ውሉም በአብዛኛው የቃል ስለነበር ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ «ልቀቅ» ቢለው ጭሰኛው የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ፕሮግራም ተጀምሮ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ትራክተር በገባ ጊዜ ባለመሬቶቹ ራሳቸው ማረስ ስለጀመሩ ብዙ ጭሰኞች ተፈናቅለዋል። ልማቱ የመጣው ለገበሬው ነበር፤ ነገር ግን በመሬቱ ላይ የሚያጸናው ውል ያልነበረውን ገበሬ ከመሬቱ ነቀለው።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ መውጣታቸው፣ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ዓ.ም. መቋቋሙ፣ የኪራዩን ሁኔታ የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግም ለፓርላማ በተደጋጋሚ ቀርቦ ሳይጸድቅ መቅረቱ የሚታወስ ነው። ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ። አንድ ቤተ ሰብ ሊይዝ የሚችለውም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። መሬትን መሸጥ፣ ማከራየትና በመያዣ መስጠትም ተከለከለ። የገበሬ ማኅበራት በ800 ሔክታር ወይም በ20 ጋሻ ስፋት ላይ እንዲቋቋሙና የፍርድ ሸንጎዎቻቸው የመሬት ክርክርን እንዲያዩ ተደረገ።

ከዚያ አዋጅ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አዋጁ ማንም ሰው በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ሲከለክል ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ ባለይዞታው የሞተበትን፣ የታመመበትን ወይም ያረጀበትን ቤተ ሰብ ከክልከላው ነጻ አድርጎ ነበር። መሬት ኖሮት ጉልበትና በሬ የሌለው ሰው ምንጊዜም እንደሚኖር ያ ጥብቅ ሕግ እንኳ ተቀብሎታል። በእርግጥም እኩል እርሻ በክልከላው ዘመን ከገጠሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ተደብቆ ኖሯል። ውል ሲደበቅ ደግሞ ክርክሩም ዳኛ አያገኝም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የመሬትን ሽያጭ ከልክሎ ገበሬው መሬትን ያለ ክፍያ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው አረጋግጧል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 89፣ ቀጥሎም በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 መሬትን ማከራየት ፈቀዱ። አዋጅ ቁጥር 456 ኪራዩ ባለይዞታውን የማያፈናቅል እንዲሆን፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተ ሰብ አባላት ሁሉ እንዲስማሙበት፣ ውሉም ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ጸድቆ እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የኪራዩን ዘመን የሚወስኑት ክልሎች ስለነበሩ ልዩነቱ ሰፊ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሽ ድረስ እንዲያከራይ፣ ዘመኑም በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ከ3 ዓመት፣ በዘመናዊ መሣሪያ ለሚያርስ ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጓል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ እስከ 25 ዓመት ይፈቅድ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ተተክቷል።

እንግዲህ ዋናው ለውጥ ይህ ነው። በጥንቱ ዘመን አከራዩ ብርቱ፣ አራሹ ደካማ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው። መሬቷን ለእኩል የምትሰጠው ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ወይም ልጇ ከተማ የገባባት ሴት ናት፤ አለዚያም ጉልበቱ የከዳው አዛውንት ነው። ተከራዩ በሬ፣ ጉልበትና የማዳበሪያ ገንዘብ ያለው ጎረቤት ነው። ስለዚህ «አከራይ» ሲባል የድሮውን ባለመሬት፣ «ተከራይ» ሲባል የድሮውን ጭሰኛ በዓይነ ሕሊና እየሳሉ መፍረድ ያሳስታል። እርግጥ ተከራዩም ሁልጊዜ ባለጸጋ አይደለም። ከ1989ኙ ድልድል በኋላ አድጎ መሬት ያልደረሰው ወጣት ጎጆ ለመውጣት ያለው መንገድ የሰው መሬት ማረስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕጉና አሠራሩ ሁለቱንም ማየት አለባቸው።

ክርክሩ የሚነሣው በምን በምን ላይ እንደሆነ በአጭሩ እንመልከት።

አንደኛው የዘመኑ ነገር ነው። «ልጄ እስኪደርስ»፣ «እስክታረፍ»፣ «ለጊዜው» የሚሉ ቃላት ቀን የላቸውም። ቀን የሌለው ውል ደግሞ ለአንዱ የሁለት ዓመት፣ ለሌላው የዘላለም ነው።

ሁለተኛው የክፍያው ነገር ነው። እኩል ማለት ሁሉም የሚያውቀው ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን አውድማ ላይ ሲደርስ ትርጉሙ ይለያያል። ለምሳሌ ከአንድ ማሳ 10 ኩንታል ጤፍ ቢገባና ለማዳበሪያና ለዘር የወጣው ወጪ 2 ኩንታል ጤፍ የሚያወጣ ቢሆን፣ ወጪው ከመካፈሉ በፊት ከተነሣ ለእያንዳንዳቸው 4 ኩንታል ይደርሳል። ወጪው የአራሹ ብቻ ነው ከተባለ ግን ባለይዞታዋ 5 ኩንታል ስትወስድ ለአራሹ የሚተርፈው 3 ኩንታል ነው። በአንድ «እኩል» በሚል ቃል ውስጥ የአንድ ኩንታል ልዩነት ተደብቋል ማለት ነው። ማዳበሪያ ሲወደድ ልዩነቱም ያንኑ ያህል ይሰፋል። ጭዱ የማን ነው? ቃርሚያውን የማን ከብት ይግጠው? በረዶ ቢመታውስ? እነዚህ ሁሉ ሳይነገሩ ይዘራል፤ ሲታጨድ ግን ይነገራሉ።

ሦስተኛው የይዞታው ነገር ነው። በመሬቱ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሰው የእኔ ነው ማለት ይጀምራል፤ ወይም ባሕር ዛፍና ጌሾ ይተክልበታል። ቋሚ ተክል ከተተከለ በኋላ ልቀቅ ቢሉት ግምቱን ይጠይቃል፤ ባለይዞታዋ ደግሞ የምትከፍለው የላትም።

አራተኛውና እጅግ አሳሳቢው ወለድ አገድ ነው። የታመመ ለማሳከም ወይም ልጅ ለማስተማር የቸገረው ሰው ገንዘብ ይወስድና አበዳሪው በወለዱ ፈንታ መሬቱን ያርሳል። ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱ አይመለስም። ባለዕዳው ግን ሊከፍልበት የሚችለው ምርት የሚገኘው ከዚያው ከተያዘበት መሬት ስለሆነ፣ ዕዳው ዓመት እየጨመረ ሲሔድ ይኖራል። ይህም ሲጠነክር የብዙ ዓመት ኪራይ በሚል ስም ይጻፍና በእርግጥ ሽያጭ ይሆናል። በጽሑፍ ያለ ውል ሁሉ ደካማውን ይጠብቃል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሚጠብቀው ይዘቱ ተመርምሮ የተመዘገበ ውል ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ ይህ ጸሐፊ አይዘነጋም። «ጎረቤትህን ፈርም ማለት አላምንህም ማለት ነው» የሚሉ አሉ። በገጠር ክብርና መተማመን ትልቅ ሀብት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ወረቀት የሚያዘው ዛሬ በፊታችን ስላለው ጎረቤት ብቻ ሳይሆን እርሱ ቢሞት ስለሚተኩት ወራሾቹም ጭምር ነው። ከሟች ጋር የተደረገውን የቃል ውል ወራሽ ሊያውቀው አይችልም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

«ለአንድ ጥማድ መሬት ብዬ እስከ ወረዳ ከተማ ግማሽ ቀን በእግሬ ልሒድ?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ተገቢ ነው። ገበሬው ሕግን የማይጠቀመው ንቆት ሳይሆን ሩቅ ሆኖበት ነው። በእርሻ ወራት አንድ ቀን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሚያርስ ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ ከተከራዩ ወገን የሚመጣ ነው። «ባለይዞታው በየዓመቱ ሊነጥቀኝ ከቻለ ለምን እርከን እሠራለሁ? ለምን ፍግ አፈስሳለሁ?» ይላል። ይህም እውነት ነው። ነገ የሚለቅቀውን መሬት ማንም አይንከባከብም። በአጭር የቃል ኪራይ የሚታረስ መሬት እየሳሳ ይሔዳል፤ ጉዳቱም ለሁለቱም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ የሚከተሉት አምስት ነገሮች ቢፈጸሙ ክርክሩ በብዙ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

1ኛ/ ውሉ በቀበሌ ይጻፍ። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሠራተኛና ኮሚቴው ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ቀን፣ በገበያ ዳር ወይም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ይመዝግቡ። የአንድ ዓመት እኩል እርሻም ቢሆን ከምዝገባ ውጭ አይቅር። ወደ ወረዳው መዝገብ ማድረስ የገበሬው ሳይሆን የቢሮው ሥራ ይሁን።

2ኛ/ ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን። የመሬቱ አዋሳኝና ስፋት፣ የደብተሩ ቁጥር፣ የውሉ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን፣ የድርሻው ልክ፣ የማዳበሪያና የዘር ወጪ የማን እንደሆነ፣ የጭዱና የቃርሚያው ነገር፣ ዛፍ መትከል ይፈቀድ እንደሆነና አደጋ ቢደርስ የሚደረገው ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ተብሎ በእማኞች ፊት ይነበብላቸው። አንዱ ቅጂ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ፣ አንዱ ለቀበሌው ይሁን። የትዳር ጓደኛ ሳይፈርም የሚጻፍ ውል ተቀባይነት አይኑረው፤ ባል ብቻውን አከራይቶ ገንዘቡን የጨረሰበት ቤት ጥቂት አይደለምና።

3ኛ/ የውሉ ዓመት ከእርሻው ዓመት ጋር ይስማማ። ውል የሚያበቃው አዝመራ ተሰብስቦ፣ እህል ከአውድማ ገብቶ ካለቀ በኋላ ይሁን። የማይቀጥል ከሆነም ለሚቀጥለው ክረምት እርሻ ከመጀመሩ በፊት አስቀድሞ ይነገር። ዘር ከተዘራ በኋላ «ልቀቅ» ማለትም ሆነ ዘመኑ ካለቀ በኋላ «አለስልሼዋለሁና አልለቅም» ማለት የጠብ ሁሉ መነሻ ነው።

4ኛ/ መሬቱን ያሻሻለ ይካስ። ተከራዩ በባለይዞታው ስምምነት እርከን ቢሠራ ወይም ውኃ ቢጠልፍ፣ ውሉ ሲያበቃ በገንዘብ ወይም ዘመኑን በመጨመር የሚካስበት መንገድ ከመነሻው ይጻፍ። ያን ጊዜ ለብዙ ዓመት የሚከራይ ሰው የመሬቱ አሳዳጊ እንጂ አራቋች አይሆንም። በአንጻሩ የብዙ ዓመት ኪራይ ሲመዘገብ ኮሚቴው ነገሩ በኪራይ ስም የተሸፈነ ሽያጭ ወይም ወለድ አገድ አለመሆኑን፣ ለቤተ ሰቡም የሚኖርበት መሬት መቅረቱን ያጣራ።

5ኛ/ ክርክር ቢነሣ መሬቱ ጦሙን አይደር። ሽማግሌዎች ቢያስታርቁ ዕርቁ በጽሑፍ ይሁንና ወደ ቀበሌው መዝገብ ይግባ። ወደ ፍርድ ቤት ከደረሰም ዳኞች የመሬት ክርክርን ከክረምቱ በፊት ለመቁረጥ ይጣሩ። ካልሆነ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ማን እንደሚያርሰውና ምርቱ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ትእዛዝ ይስጡ። ያልታረሰ መሬት ለረቺውም ለተረቺውም አይሆንም።

እነዚህ ነገሮች አዲስ ሚኒስቴር ወይም ብዙ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። መዝገቡ አለ፤ ደብተሩ አለ፤ ኮሚቴውም አለ። የጎደለው መዝገቡን ወደ ገበሬው ማቅረብ ነው። በተለይ ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በደረሰባቸው ቀበሌዎች ማሳው በቁጥር ስለሚታወቅ፣ ኪራዩን በዚያው ቁጥር ላይ ማስፈር አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም። መዝጋቢዎችም ማሳ ላይ ቆሞ ያገኙትን ሰው ስም ከመጻፋቸው በፊት «የምታርሰው በራስህ ነው ወይስ ለእኩል?» ብለው አዋሳኞችን ቢጠይቁ፣ ያች እናት ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ደጅ ባልጠኑ ነበር።

ገበሬ አንባቢያንም የሌላውን ሳይጠብቁ ከራሳቸው ሊጀምሩ ይችላሉ። መሬትዎን ለእኩል የሰጡ ከሆነ የግብር ደረሰኝዎን በስምዎ ያስቆርጡ፤ ደብተርዎን በሰው እጅ አያስቀምጡ። የሰው መሬት የሚያርሱ ከሆነም ድርሻ ባካፈሉ ቁጥር ልኩንና ቀኑን አስጽፈው ያስፈርሙ። ይህን ማድረግ ጎረቤትን መጠራጠር ሳይሆን ጎረቤትነቱ እንዲዘልቅ መጠንቀቅ ነው።

ከፍርዱ በኋላ እናቲቱን አግኝቼ ምን እንደተሰማቸው ጠይቄአቸው ነበር። ልጃቸው ሦስቱን ጥማድ እያረሰ ነው፤ አንድ በሬ ስላለው ግን ከሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል። በፊት የሚያርስላቸው ጎረቤት ሁለት በሬዎች ከአጥሩ ማዶ ይታያሉ። «ያኔ አንዲት ወረቀት ይዘን ቢሆን ዛሬ ልጄ ከእርሱ ጋር ነበር የሚቀናጀው» አሉኝ።